ማሞቅና መሞቅ

ዲላ ውስጥ የታሰርኩት በማሞቅ ነው። በቀበሌ ስብሰባ አንድ መምህር ያለ ፍርድ ስለታሰሩ ሰዎች ጠየቀ፤ እኔ አጨበጨብኩ። የመካኒክ መዳፍ ደግሞ ሲያጨበጭብ ይጮኻል። «ስብሰባውን አሟሙቀሃል» ተባልኩና ከነቱታዬ ከጋራዥ ተወሰድኩ።

ክፍሏ ስምንት ሰው ይዛለች። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ ብርድ ልብሱ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። አሥራ አንድ ቀን ፀሐይ የሚባል ነገር አላየንም። የባሰባቸው ከባንኮ ጎቲቲ የመጡ አንድ አዛውንት የእንሰት ገበሬ ነበሩ፤ ጉልበታቸው አልዘረጋ ብሎ ለሁለት ነበር የምናስነሳቸው።

«ጉልበቴን ፀሐይ ትንሽ ቢያገኘው ይለቀኝ ነበር» ይሉናል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት የጣቢያው አዛዥ አስጠራኝ። ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ባለሁለት በር፣ አሮጌ ቀይ ስፖርት መኪና አለችው። ከማዕረጉ አስበልጦ ይወዳታል።

«ማሞቅ ታውቃለህ አሉ። ማቀዝቀዝስ?» አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ።

ከዲላ የወናጎን ከተማ ዳገት ስትወጣ አንዳንድ ቀን ሞተሯ ይግላል፤ አንዳንድ ቀን ምንም አትልም። ጋራዥ ስትደርስ ጤነኛ ናት። ራዲያተሯ ታጥቧል፣ የውሃ ፓምፗ ተቀይሯል። «ቀን መርጣ ነው የምትታመመው» አለ ምርር ብሎ።

ኮፈኗን ከፈትኩ። ውሃው ሙሉ ነው፣ ቺንጊያው ጠብቋል፣ ፋኑ ይዞራል። ቀና ስል ጣሪያዋ ላይ ሰፋፊ የእንሰት ቅጠል ተደርድሯል።

«ይኼስ ምንድነው?»

«ልብሷ ነዋ! ሸራ የለኝም፤ ዝናብ እንዳይመታት በኮባ አለብሳታለሁ።»

እጄን በፊት ለፊቷ ፍርግርግ ሰደድኩ። ራዲያተሩ ሥር ክንድ የሚያህል የኮባ ቁራጭ ተኝቷል። ስትሮጥ ነፋስ አንስቶ ራዲያተሩ ላይ ይለጥፈዋል፤ ስትቆም ይወድቃል። መካኒክ ሁሉ የሚፈትሻት ደግሞ ቆማ ነው። ደስታዬ ልክ አጣ፤ እስረኛ መሆኔንም ረሳሁ። ኮባውን ቱታዬ ውስጥ ሸጎጥኩና «ወናጎ ደርሰው ይምጡ» አልኩት።

ሁለቴ ተመላለሰ። ሲመለስ ፊቱ ፈክቷል።

«ጎበዝ! ምን አደረግካት? በል እዚህ ቁጭ በልና ፀሐይ ሙቅ።»

እውነትም ደመናው ተገልጧል፤ ሙቀቱ ጀርባዬ ላይ ደርሷል። በጣም አማረኝ።

«ብቻዬን አልሞቅም» አልኩ። «ስምንታችንም ከሞቅን ምክንያቱን እነግርዎታለሁ። አለዚያ መልሱኝ።»

መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ወደ ጠባቂው ዞሮ «ክፈት» አለ።

አዛውንቱን ደግፈን አወጣናቸው። ግድግዳው ሥር ተቀመጡ፣ ጉልበታቸውን ገለጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይኼ ፀሐይ ድሮም እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ?»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ኮባውን አውጥቼ «በሽታዋ ይኼ ነው፤ ስትሮጥ ራዲያተሩን ይሸፍነዋል» ብዬ ለአዛዡ ሰጠሁት። አዛውንቱ አንድ ዓይናቸውን ከፍተው አዩትና «ሰው ሳያስር መኪናን ኮባ ያለብሳል?» ብለው ተቆጡት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በሩ ይከፈትልን ጀመር።

ከተፈታን ቆየን። ዛሬ «መኪናዬ አሞቀች» ሲሉኝ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት እጄን ፍርግርጉ ውስጥ እከታለሁ። አዛውንቱ ለገበያ ዲላ ሲመጡ ጋራዤ ጎራ ይላሉ። በሩ ላይ ካለው አሮጌ ጎማ ላይ ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ እንቀመጣለን። ደንበኛ ቢጣራም አልነሳም።

«ሞቀዎት፣ አባባ?»

«ገና ነው» ይሉኛል። እኔም ገና ነኝ።