ማገጥ ስለካ

ሞባይል ገና ፍኖተ ሰላም ሳይደርስ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌም ማገጥ ስለሚባለው የመስክ ተክል ነበር። በአገራችን ብቻ የሚበቅለው ማገጥና በሌላም አገር ሞልቶ የሚገኘው ማገጥ አበባቸው በምን እንደሚለያይ ማጥናት ነው ሥራዬ።

ጥር ላይ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ምንጭ ዳር ባለ መስክ ላይ ሁለቱን፣ ትንሹንና ትልቁን፣ ጎን ለጎን አብበው አገኘኋቸው። ማገጥ ከመሬት ብዙም ከፍ አይልም። ስለዚህ ረጅም ጉርዴን ሰብስቤ፣ ከእግር መንገድ ዳር ቁጢጥ አልሁና በማስመሪያ መለካት ያዝሁ።

አንዲት አሮጊት፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ባሕር ዛፍ ጀርባ ብቅ ብለው መጡ። ፊታቸውን ወደ ማዶ አዙረው፣ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ቆሙልኝ። ከፀሐይ የከለሉኝ መስሎኝ፣

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" አልሁ።

"ኧረ ምን አለበት ልጄ! በሰው ሁሉ የሚደርስ ነው።"

ትንሽ ቆይተው፣ "ገና ነሽ?" አሉ።

"ትንሹን ጨርሻለሁ፤ ትልቁ ነው የቀረኝ።"

"እመቤቴ ትርዳሽ!" አሉ ከልባቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሆድሽን የጀመረሽ ዛሬ ነው?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቴ እሳት ሆነ፤ ዘልዬ ተነሣሁ።

"እማማ፣ እኔ እኮ አበባ እየለካሁ ነው!"

"ይሁን ልጄ፣ አበባ እንበለው" አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ባሕር ዛፉ ተጣሩ፦ "በሉ እለፉ፣ ጨርሳለች!"

ከባሕር ዛፉ ጀርባ በበቅሎ የተቀመጠ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ፣ ከነሠርገኛው ወጣ፤ ሁሉም ሰማይ ሰማዩን እያዩ በጎኔ አለፉ።