በቅቤው ፈንታ

ምራቴ ለልጅ ልጄ የቫይታሚን ዲውን ጠርሙስ ስትከፍት የሚወጣው ፈዘዝ ያለ የዘይት ሽታ፣ ሆሳዕና ከሚገኘው ሳሎኔ አንሥቶ ዶዮገና ያደርሰኛል። ምክንያቱን ለቤተሰቤ ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ዶዮገና ጤና ጣቢያ ሥራ የጀመርሁ ወጣት ነርስ ነበርሁ። አንዲት እናት ከሰው ዓይን ተሸሽጎ፣ ፀሐይ ሳይነካው የከረመ የሁለት ወር ወንድ ልጅ ይዛ መጣች። አጥንቱ እንዳይለሰልስ ኃይለኛው የቫይታሚን ዲ ጠብታ ታዘዘለት፤ ጠርሙሱን የሰጠኋትም እኔ ነኝ። "በቀን አንድ ጠብታ" አልኋት። የመጣ ሽማግሌ ሁሉ ለምርቃት ሕፃኑን በጣቱ ቅቤ እንደሚያልሰው ስለማውቅም፣ "ከእንግዲህ ቅቤ የለም፤ በእሱ ፈንታ ይኸው" ብዬ ረገጥ አድርጌ ጨመርሁ።

ለሦስት ወር የሚበቃው ጠርሙስ በሦስተኛው ሳምንት ባዶውን ተመለሰ። ሕፃኑ ያስታውከዋል፤ ጡት አልይዝ ብሏል፤ ሆዱ ደርቋል። ኃላፊያችን ሲስተር ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አየችው።

"ስንት ስንት ትሰጡታላችሁ?"

"አንድ ብቻ፣ ሲስተር። ነርሱ እንዳለን።"

"ማን ነው የሚሰጠው?"

እናቲቱ በጥያቄው ተገረመች። "የመጣው ሁሉ ነዋ! አያቱ፣ አክስቶቹ፣ ጎረቤቱ… እያንዳንዳቸው አንድ።"

ጠብታውን በቅቤው ቦታ ያስቀመጥሁት እኔው ነበርሁ። ስንት እንደሚሰጥ አስተማርሁ እንጂ በማን እጅ እንደሚሰጥ አልጠየቅሁም። ሲስተር አልተቆጣችኝም። ጠብታውን አስቁማ፣ በዚያው ሰዓት ሪፈር ጽፋ ወደ ሆሳዕና ሆስፒታል ስትልካቸው፣ "አብረሃቸው ሂድ፤ የሆነውን ሳትደብቅ ንገራቸው" ብቻ አለችኝ። ሄድሁ፤ ነገርሁም። ልጁ ከሳምንታት በኋላ ድኖ ተመለሰ።

ሲስተር ቤተሰቡን ሰብስባ፣ ከእንግዲህ መድኃኒት በእናቱ እጅ ብቻ እንደሚሰጥ አስታወቀች። አያቱ ባዶ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። "አንተ ዶክተር፣ ቅቤዬን ወሰድህ፤ ጠብታዬንም ወሰድህ። በምን ልመርቀው ታዲያ?"

ሰዉ ሳቀ። ሲስተር ግን መዳፋቸውን ይዛ በሕፃኑ ግንባር ላይ አኖረችው።

"በዚህ፣ አባባ። ይኼ ቢበዛም አይጎዳው።"

ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታዬ ድረስ፣ "ማን ነው የሚሰጠው?" ሳልል ለአንዲትም እናት መድኃኒት አላስጨበጥሁም።

ዛሬ ጠዋት ሳላስበው እጄ ወደ ጠርሙሱ ሄደ። ምራቴ ፈገግ ብላ ክዳኑን አጠበቀችው። "ሰጥቼዋለሁ እኮ፣ አባባ።"

ሲስተር ካረፈች ቆይታለች። መዳፌን በልጅ ልጄ ግንባር ላይ አኖርሁ፤ ቶሎም አላነሣሁት።