በምስጋና የተከሰሰው ባል

ኃይለየሱስ ቡልጋርያ ከመሄዱ በፊት በነጭናጫነት አሰላ ውስጥ የሚስተካከለው አልነበረም። ውሃው ቀዝቅዟል፣ ሽሮው ቀጥኗል፣ ጋቢው አጥሯል፤ ሰበብ አያጣም። ሚስቱ አባይነሽ ሁሉንም በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ታፈስሰዋለች። ዲክሲስ በኩል ባለ የመንግሥት እርሻ የኮምባይነር ሹፌር ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ገለባ ሲቅም የዋለ ሰው እየሳቀ አይገባም ብላ ትተወዋለች።

በደርግ ጊዜ ወዳጅ አገር ሞልቶ ነበር፤ ለኃይለየሱስ የደረሰው ቡልጋርያ ነው። ለጥገና ሥልጠና ተመርጦ ሄደ፤ ከዓመት በላይ ቆይቶም ተመለሰ። ከአገሩ የወጣ ሰው አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ ነው ይባላል። ከተመለሰ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን የተናገረ የለም።

በገባ ማታ አባይነሽ እጁን ስታስታጥበው «አመሰግናለሁ» አላት። መንገድ አድክሞት ነው ብላ አለፈችው። በማግስቱ «እንዴት አደርክ?» ስትለው «ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ» አለ። በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ቆይቶ ገባና፣ ማንን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ እንደገና አመሰገነ።

አባይነሽ ፈራች። እሷ የምታውቀው ምስጋና የእንግዳ ነው፤ እንግዳ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ቤተኛማ ያጉረመርማል እንጂ አያመሰግንም። እንግዲህ ሰውየው ወይ ሊሄድ ተነሥቷል፣ ወይ እዚያ አንዲት ነጭ አስቀምጦ በደሉን በምስጋና እያወራረደ ነው። ልታረጋግጥ ብላ አንድ ቀን ወጡን ጨው ሳታስነካው አቀረበችለት። ጥርግ አድርጎ በላና «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ያን ዕለት ማድቤት ገብታ አለቀሰች።

ለቀበሌው ሴቶች ማኅበር ልትነግር አስባ ነበር። ነገር ግን «የነቃ ባል ማለት ይህ ነው» ብለው በስብሰባ መሐል ያስጨበጭቡልኛል ብላ ተወችው። ባሏን ይዛ የአባቱ ወዳጅ የነበሩት አቶ ቱሳ ቤት ሄደች። ጎረቤታቸው አቶ ገብረ መድህንም በሽማግሌነት ተጠርተው መጡ።

«ልጄ፣ ይመታሻል?» አሉ አቶ ገብረ መድህን።

«ኧረ በፍጹም።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ታዲያ ምን አደረገሽ?»

«ያመሰግነኛል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ያ ረቢ!» አሉ አቶ ቱሳ። «ከጀመረው ቆየ?»

የጨው ነገር ሲነገራቸው ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ ገባቸው። አቶ ገብረ መድህን ወደ ኃይለየሱስ ዞሩ። «እውነቱን ተናገር። እዚያ አገር ትተሃት የመጣሃት ሴት አለች?»

«የለችም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሚስትህ ምን ብትበድልህ ነው የምታመሰግናት?»

ኃይለየሱስ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ቡልጋርያ በገባ ሰሞን፣ በሠልጣኞቹ መመገቢያ አዳራሽ በልቶ ሲጨርስ እንደ ልማዱ ሁለት እጁን ዘረጋ። ምግብ የምታድለው ሴትዮ ያልጠገበ መስሏት ዳቦ አስቀመጠችበት።

«ዳቦዬን ይዤ ቀረሁ» አለ። «ስንት ዘመን እጄን ስዘረጋ ውሃ ሲፈስልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ የምታፈስልኝን አላየኋትም። ቀዘቀዘ ማለቱን ግን አውቅበት ነበር። እዚያ ሰው መሐል ቁጭ ብዬ አፈርኩ። አገሬ ብገባ አመሰግናታለሁ ብዬ ማልኩ።»

አባይነሽ በነጠላዋ አፏን ከለል አድርጋ ለሽማግሌዎቹ ተናገረች።

«እሱ ሲሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ‹እንኳን ዐረፍሽ› አለኝ። እኔም ያረፍኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ወጡ ቀጠነ የሚለኝ አጣሁ። ሠርቼ፣ አቅርቤ፣ ብቻዬን ዝም ብዬ እበላለሁ። አንዳንድ ቀን ራሴው ‹ምን ዓይነት ወጥ ነው ይሄ!› ብዬ እጮኻለሁ፤ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስለኝ። ያንን ሰው ነበር የምጠብቀው። የመጣልኝ እንግዳ ነው።»



ኃይለየሱስ ቀና ብሎ ሚስቱ ላይ አፈጠጠ።

«ታዲያ ይህን ቤታችን ቁጭ ብለሽ አትነግሪኝም ነበር? በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጭቃ፣ ሰው ቤት ድረስ ትጎትቺኛለሽ? ጫማዬ ውሃ እንደሚያስገባ እያወቅሽ!»

አባይነሽ እንባዋን ጠረገችና «ተመስገን» አለች።