ቆሜ ነው የተቆጠርኩት

የያዙኝ ከሰርቦ ገበያ ስመለስ ነው። ከሳምንት በፊት የመንደራችን ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ «መሬታችንን ለማን ነው የሰጣችሁት?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ጥፋቴ ይኸው ነው። የወሰዱኝበትን ከተማ ስም አልጠራም። ያሰሩን የድሮ ቡና መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት ቀድሞ የመታኝ ሽታው ነው፤ የሻገተ ቡና፣ ሽንት፣ የሰው ላብ። በጉልበቴ ዘመን እንዲህ ባለ መጋዘን ጆንያ ተሸክሜ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ። የቡና ሽታ ያስመልሰኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አርባ አንድ ሰው ነበርን። ጥግ ላይ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን አለ፤ እስኪነጋ ሌላ መጸዳጃ የለም። ጠዋት ቆጠራ ነው። ሁላችንም ቁጢጥ እንላለን፤ ዘቡ በዱላው ሲጠቁመን ቁጥራችንን ጠርተን እንነሳለን። እኔ የመጨረሻው ነኝ፣ አርባ አንድ። ሁሉም ካልቆመ ቆጠራው አይዘጋም። ቆጠራው ካልተዘጋ ደግሞ ያደረው ዘብ ለተረኛው አስረክቦ ቤቱ አይሄድም።

ከዚያ ጉንፋን ገባብን። አንዱ የሚያስለው ሌላው ፊት ላይ ነው። አክታው ግድግዳው ላይ ይደርቃል፣ እኛ እዚያው ላይ ተደግፈን እናድራለን። እኔንም ሳምንት ሙሉ አተኮሰኝና ለቀቀኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን የእግሬ ጣቶች ደነዘዙ፣ ቀጥሎ ጉልበቴ ከዳኝ። ስነሳ ደረቅ ቡና ክምር ላይ እንደቆመ ሰው መሬቱ ከስሬ ይንሸራተታል፤ ለቆጠራ የሚያቆሙኝ ጎኔ ያሉት ናቸው። አንድ ቀን ወደ ጀሪካኑ ስሄድ ወደቅኩና ከነምናምኑ ላዬ ላይ ደፋሁት። መታጠቢያ ውሃ ከለከሉኝ። ያንን ለብሼ፣ ተቀምጬ ሰገድኩ። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ከእኛ ጋር የታሰረ አንድ ጎልማሳ ነርስ ነበር። ጉልበቴን መታ መታ አደረገው።

«አባባ፣ በእግርዎ ይግፉኝ።»

«እየገፋሁህ ነው።»

ሌላኛውንም ጉልበቴን መታ አደረገው። ኋላ፣ «ነርቭ ነው» አለኝ። «አንዳንዴ ከጉንፋን በኋላ እንዲህ ያደርጋል። ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ደረት ከደረሰ ትንፋሽ ይከለክላል። ዛሬ ነገ ሳይባል ሐኪም ቤት መግባት አለብዎት።»

ለእስር ቤቱ አለቃ ተነገረው። አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ ወረቀትና የጣት ቀለም አስይዞ መጣ።

«ያ ጃርሳ» አለኝ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው፣ አባባሉ ግን የአክብሮት አይደለም። «ስብሰባ ላይ ምላስህ ጠንካራ ነበር። እግርህን ምን በላው?»

«ይሄ ቤትህ።»

«ተጸጽቻለሁ ነው የሚለው ወረቀቱ። ጣትህን አድርግበትና መኪናው ሐኪም ቤት ያደርስሃል።»

«በምን ተጸጽቼ?»

«ሐሰት ተናግረህ።»

«ሐሰት አልተናገርኩም።»

«እንግዲያው እየተሳብክ ኑር።»

ሲወጣ ነርሱ ጆሮዬ ስር መጣ። «አባባ፣ ያድርጉላቸው። ወረቀት ነው፤ ሕይወትዎ ይሻላል።»

«ነገ መንደራችን ወስደው ያነቡታል ልጄ። እኔ ሐሰት ነው ካልኩ ያ ሁሉ ሰው መሬቱን አጣ ማለት ነው።»

ተነሳና ወደ ሌሎቹ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ዘቡ አንደኛውን ጠቆመው። አንደኛው የጂማ መርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ በመኝታ ቦታ ከእኔ ጋር ሲነታረክ የሰነበተ። «አንድ» አለ፣ አልተነሳም።

«ተነስ።»

«አርባ አንድ ካልተነሳ አልነሳም።»

«እሱ አይችልም።»

«እንግዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።»

ሁለተኛውም ቁጥሩን ጠርቶ ቁጢጥ እንዳለ ቀረ። ሦስተኛውም። ነርሱ ነው ለካ ሲያማክራቸው ያደረው። ዘቡ ጥቂቶቹን በዱላ መታ፤ ማንም አልተነሳም። ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈሳል፣ ፀሐዩ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቷል። ተረኛው በር ላይ ቆሞ፣ «ያልቆመ እስረኛ አልረከብህም» ይለዋል። ያደረው ዘብ እየተሳደበ አለቃውን ሊጠራ ሄደ።

አለቃው ከደጅ ሆኖ አየን። ወረቀቱን አልያዘም። «አውጡልኝ ይሄን» አለ።

ሊሸከሙኝ ጆንያ አነጠፉ። እኔ ግን፣ «ቆጠራው አልተዘጋም» አልኳቸው። ነርሱና ነጋዴው በብብቴ ገብተው አነሱኝ። ጉልበቴ እንደ እርጥብ ገመድ ነው። መሬቱ ዞረ። ጥርሴን ነክሼ እስኪረጋ ጠበቅኩት።

«አርባ አንድ» አልኩ።

ከኋላዬ የቀረው ሰው ሁሉ ተነሳ። የጉልበታቸው ድምፅ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ነው ጆንያው ላይ የተኛሁት።

ሐኪም ቤት አስገቡኝ፣ ከዚያም ለቀቁኝ። እግሬ በወራት ተመለሰ፤ ግራው ግን ዛሬም ይጎተታል። በቡና መጋዘን በኩል ሳልፍ አፍንጫዬን እይዛለሁ።

በቀደም ጂማ መርካቶ ከባጃጅ ስወርድ አንድ ሰው እጁን ዘረጋልኝ። ቀና ስል ያ አለቃ ነው።

«አባባ፣ እግርዎ እንዴት ሆነልዎት?» አለኝ። አንቱታው ዛሬ መጣለት።

እጁን አየሁት። ንጹሕ ነው። የባጃጁን ብረት ያዝኩና ደህናውን እግሬን አስቀደምኩ፣ ከዚያ ግራውን አወረድኩ። ጊዜ ወሰደብኝ። ከኋላ ያለው ባጃጅ ጡሩምባውን ይነፋል። ቀጥ ብዬ እስክቆም ድረስ እጁ እንደተዘረጋ ነበር፤ ትቼው ሄድኩ።