የምላስ ምርመራ

ልጅ እያለሁ የሰው ምላስ እመረምር ነበር። ያደግሁት ከጎረቤላ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ነሐሴ ገብቶ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ቤተ ክርስቲያኑን ሲሸፍነው የመንደሩ ልጆች ሁሉ ፍልሰታን እንጾም ነበር። ሌላውን ጾም የሚሸሽ ልጅ እንኳ ፍልሰታን አይለቅም። ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ፣ እህል ውኃ በአፋችን አይዞርም። የጥዱ ሽታ፣ የረጠበ ጋቢ ሽታና ከደጀ ሰላሙ የሚመጣው የንፍሮ ሽታ ተቀላቅሎ ረሃባችንን ያብሰው ነበር።

ቅዳሴ እስኪገባ ከጥዱ ሥር ተኮልኩለን "ምላስህን አውጣ" እንባባላለን። የጾመ ሰው ምላስ ነጭ፣ የበላ ሰው ምላስ ቀይ ነው ብለን እናምን ነበር። ይህን ማን እንዳስተማረን አላውቅም፤ ዳኛው ግን እኔ ነበርኩ። አባቴ ዳዊት ደጋሚ ስለሆነና ፊደልም ከሁሉም ቀድሜ ስለለየሁ ልጆቹ ቃሌን ያከብሩ ነበር። ምላሱ ቀይ የሆነ ልጅ "ገደፈ! ገደፈ!" እየተባለ እስከ ወንዙ ድረስ ይባረራል።

የኔን ምላስ ንጣት ግን ማንም አይደርስበትም ነበር። ምክንያቱን ዛሬ ልጻፈው። ጠዋት ከቤት ስወጣ ጣቴን የገብስ ዱቄት ውስጥ አጥቅሼ ምላሴን እቀባ ነበር። ስላልዋጥኩት እንደ መብላት አልቆጠርኩትም። መጾሜን ለማሳየት ብዬ ጾሜን ስሽር ኖሬያለሁ ማለት ነው።

አስካለ የጎረቤታችን ልጅ፣ እኩያዬ ነበረች። በዚያ ክረምት ሳንባዋን ታማ ከጤና ጣቢያ ኪኒን ተሰጥቷት ነበር፤ በባዶ ሆድ እንዳትውጠውም ተነግሯታል። የንስሐ አባታቸው መምሬ ወልዴ "አንቺ ታማሚ ነሽ፤ ጠዋት ጠዋት ቀመስ አድርገሽ መድኃኒትሽን ዋጪ። የበዓሉ ዕለት ብቻ ሳትቀምሺ መጥተሽ ትቆርቢና ከዚያ ትውጫለሽ" ብለዋት ነበር።

አንድ ቀን "ምላስሽን!" አልኳት። አወጣች። ቀይ ነው።

"ገደፍሽ!"

"መምሬ ፈቅደውልኝ ነው። መድኃኒት አለብኝ።"

"ጾም ፈቃድ የለውም! እንዲህ ሆነሽ ብትቆርቢ እሳት ይበላሻል!"

ልጆቹ አጨበጨቡ። "በላተኛ! በላተኛ!" እያሉም ዞሯት። አስካለ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምራ የጠዋቱን ምግብም ኪኒኑንም ተወች። ለእናቷ በላሁ እያለች እንጀራውን ለዶሮ ትሰጥ ነበር። የበዓሉ ዕለት ነጭ ለብሳ በቆራቢዎች ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆመች። ሁለት ልጅ ሲቀራት ወደቀች። አጎቷ ሲያነሣት "አልበላሁም እኮ፤ አምስት ቀኔ፤ መድኃኒቱንም አልዋጥኩም" ስትል ሁላችንም ሰማናት። አጎቷ አዝሏት ወጣ። ልጆቹን ያሰልፉ የነበሩት መምሬ ወልዴ ወደ እኛ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ይቺን ልጅ አትብዪ ያላት ማነው?" አሉ።

ሁሉም ወለሉን አየ። እኔም ወለሉን አየሁ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ተራዬ ደረሰ፤ ቆረብኩ።

አስካለ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወራት ተኝታ ዳነች። እኔም አድጌ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ የቀረውን ከየመጽሐፉ የለቃቀምኩ ሰው ነኝ፤ ልጆቼንም ያሳደግሁት በቁጣ ነው። በጾም ወራት ሁልጊዜ "ምን በላችሁ?" እላቸዋለሁ። "ማንን አስቀየማችሁ?" ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። ሥጋና ወተት ከቤታችን እናስወጣለን፤ ሰው የሚያቆስለውን አፋችንን ግን ይዘነው ቤተ ክርስቲያን እንገባለን። ንስሐም ስግደት ተቀብሎ መሄድ ብቻ ይመስለናል። ባለፈው ዓመት ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ ብናዘዝ "ስግደቱን እሰጥሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሂድና ይቅርታ ጠይቃት" አሉኝ።

"አባ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል እኮ" አልኳቸው።

"ላንተ ነዋ ያለፈው" አሉኝ።

ጎረቤላ ወረድኩ። አስካለ ልብስ ሰፊ ሆናለች። በሯ ላይ ቆሜ ስንተባተብ "ግባ እንጂ አንተ፣ ብርሃን ከለከልከኝ" አለችኝ። ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ዱቄቱ ላይ ስደርስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"አንተ ቀጣፊ! እኔ እኮ ያን ምላስህን እያየሁ ይሄ ልጅ ይመንናል እል ነበር!"

ይቅርታ ስጠይቃት "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔስ ድሮ ትቼዋለሁ" አለችኝ። ቀጥላም "የዚያን ቀን አንተ ቆረብክ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ሳቋ ጠፋ። "እኔ ከዚያ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፤ ሰልፉ ውስጥ ልገባ ስል ግን እግሬ ይታሰራል" አለች። ከዚያ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስተካክላ መስፋቷን ቀጠለች። ካህን አብረን እናናግር ብዬ ለመንኳት። "እስቲ" ብቻ አለችኝ።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ታሪኩን ለልጆቼ ነገርኳቸው። በኛ ጊዜ አባት ጥፋቱን ለልጁ አይናገርም፤ ልጅም አባቱን አይጠይቅም ነበር። የመጨረሻዋ ልጄ ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች "ይቅር ብላሃለች አይደል?" አለችኝ።

"አዎ፣ ብላኛለች።"

"ታዲያ እሷ ለምን አትቆርብም?"

እኔ አባቴን እንዲህ ብጠይቀው ኖሮ በዓይኑ ብቻ ዝም ያሰኘኝ ነበር። ልጄን ዝም በይ ልላት አልቻልኩም። "ያን ቀን ከሰልፉ ያስወጣኋት እኔ ስለሆንኩ ነው" አልኳት።