«ከማን ሰማህ?»

በ1976 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ የአምስተኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ራሴን ደራሲ አድርጌ ስለቆጠርኩ፣ ተማሪዎቼ ድርሰት ሲኮራረጁ ደሜ ይፈላ ነበር። «ላማችን» በሚል ርዕስ ሠላሳ ሁለት ልጆች ጻፉና የሠላሳ ሁለቱም ላም አንድ ቀንዷ የተሰበረ ሆኖ ተገኘ። ቁጣ አልሠራ ሲለኝ በእንቆቅልሽ መጣሁ።

ሕጉ ቀላል ነው። ተረትም ሆነ እንቆቅልሽ ያመጣ ሁሉ «ከማን ሰማህ?» ይባላል። የነገረውን ሰው ስም ካልጠራ፣ መልስ እንደጠፋበት ሰው አገር ይሰጣል። ካኮን የሰጠ ነበር፣ ቱርሚንም የሰጠ ነበር፤ ተቀባዩም እንደ ወጉ የሰጪውን ጉድ ይዘረግፍበታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስም ሳይጠራ አፉን የሚከፍት ልጅ ጠፋ። እኔም ደረቴን ነፍቼ መምህራን ክፍል ገባሁ፣ ወጣሁ።

በዚሁ መሃል በስቴንስል የተባዛው የትምህርት ቤቱ መጽሔት ወጣ። በእኔ ስም ስለ ማር ቆራጭና ስለ ንብ የሚተርክ ጽሑፍ ነበረበት። ድምፄን አሳምሬ ለክፍሉ አነበብኩት። ስጨርስ፣ ከፊት ወንበር የምትቀመጠው አየለች እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ከማን ሰሙ?»

«ከራሴ» ልል ስል ዓይኔ መስኮቱ ላይ አረፈ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ዶላሞ ቆመው ያዳምጣሉ። ተረቱን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ክረምት ላይ ዝናብ አግዶን በራቸው ሥር ተጠልለን ሳለ።

«ከጋሽ ዶላሞ» አልኩ። ክፍሉ «ጽሑፉ ላይ ስማቸው የለም፤ አገር ይስጡ» እያለ ተንጫጫ። ጂንካን ሰጠሁ። የወረደብኝን ስድብ አልጽፈውም፤ አብዛኛው ስለ ጆሮዬ ስፋት ነበር።

ጋሽ ዶላሞ አልሳቁም። «ጨዋታው ለእኔም ነው» አሉ። «ተረቱ የእኔ አይደለም። የአስካል ነው፣ የሞተችው ሚስቴ። ልጅ አልወለድንም። ስሟ የሚነሳው ይሄን ሳወራ ብቻ ነው። አንተ ስትጽፈው ስሟ የሚገባ መስሎኝ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። የላም ድርሰት ከኮረጁት ልጆች ብሼ የሙት ተረት ሰርቄአለሁ። በዚያው ቀን ገጹን በአዲስ ስቴንስል መትቼ፣ አባዝቼ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ እየሮጥኩ ወሰድኩላቸው። ይቅርታ የሚያስገኝልኝ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ዶላሞ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው «አ... ስ... ካ... ል» ብለው አነበቡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ጣታቸው ወደ ታች ወረደ።

«ይሄ ረጅሙስ?»

«የእኔ ስም ነው፤ አዘጋጁ ስለሆንኩ» አልኩ። ወርቅነህ ተፈሪ ደበሌ ይላል፣ ከነአያቴ።

ጋሽ ዶላሞ ቀና ብለው አዩኝ።

«አስካልም አባት አላት» አሉ። «ሻንቆ ይባላል።»