በስሜ የገባው ሰው

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለ ስልኬ ላይ የማረጋገጫ ቁጥር መጣ። «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» ይላል። እንዲላክልኝ የጠየቅሁት ራሴ ነበርኩ፤ ቢሆንም ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩትና ትንሽ አሰብኩ። ልጄ ሳቀችብኝ።

«እማ፣ አንቺ እኮ የራስሽንም ስልክ ትጠረጥሪያለሽ!»

ስለ ሸዋ ሮቢቱ ድረ ገጽ ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ፣ ሥራ አጥቼ፣ ሮቢት እናቴ ቤት የተመለስኩበት ጊዜ ነው። ስማርት ስልክ የያዘ ሰው በከተማው ጥቂት ነበር። ኢንተርኔት የፈለገ ወደ ብርሃኑ ቤት ይሄዳል። ብርሃኑ በዋናው መንገድ ዳር፣ የደሴ መኪኖች ለምሳ ከሚቆሙበት ሆቴል ጎን፣ ጥቂት አሮጌ ኮምፒውተሮች ደርድሮ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ቤቷ ቆርቆሮ ናት። ከቀትር በኋላ ማራገቢያው የሚያዞረው ያንኑ ትኩስ አየር ስለነበር የኮምፒውተሩ የፊደል ገበታ ሳይቀር እጅ ላይ ይሞቃል። እኔ እዚያ የባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፍኩ እውላለሁ።

ሰይድ የመጣው በማንጎ ወቅት ነው። የቀወት ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር አጥንቶ ገና መመረቁ ነበር። «አገራችንን ይፋትን ራሳችን የምንጽፍበት ድረ ገጽ እንሥራ» አለን። የሰፈሩ ስም ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ይጻፍ፤ የትኛው ወንዝ በክረምት መንገድ እንደሚቆርጥ፣ የትኛው ነጋዴ ምን እንደሚሸጥ የሚያውቅም ይጻፍ፤ የተሳሳተውን ደግሞ ሌላው ያርም። ሐሳቡ ደስ አለን። እኔ፣ ሰይድና ብርሃኑ የማንጎ ጭማቂ ክርናችን ድረስ እየወረደ ስንሠራ ከረምን። ገጹ ሲከፈት ሰው ከጠበቅነው በላይ ጻፈበት።

መግቢያ ግን አልነበረውም። የሚጽፍ ሰው ከላይ ስሙን ይሞላል፣ ከታች ይጽፋል፤ በቃ። «በሩን ካጠበብነው ማን ይገባል?» ይል ነበር ሰይድ።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ሰይድ ሰላም ሳይለኝ ገባ። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና «ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለኝ።

የነጋዴዎቹ ገጽ ነው። በእትዬ ዘሀራ ስም ሥር እንዲህ ይላል፦ «ሴትዮዋ ማሾዋን ውሃ እየረጨች ነው ሚዛን የምታስደፋው። ከእሷ የገዛ ይበሰብስበታል።» ከላይ የጸሐፊው ስም አለ፦ ወይንሸት። እኔ ነኝ።

ማሾ የቆላችን እህል ናት፤ ፍሬዋ ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ በአዲስ አበባ ነጋዴ ዘንድ የተወደደች። እትዬ ዘሀራ ደግሞ በማሾ ንግድ የታወቁ፣ ቆፍጣና ሴት ነበሩ። የሰይድ እናት እህት ናቸው። ከመጋዘናቸው ፊት ለፊት ያለው የማሾ መጋዘን የአጎቴ ነው።

«ስሙ የእኔ ነው፤ እጁ ግን የእኔ አይደለም» አልኩት።

«ከዚህ ቤት መስመር ነው የተላከው።»

«ከተማው በሙሉ ከዚህ ቤት አይደል እንዴ የሚጽፈው?»

ብርሃኑ ቀና ብሎ አላየኝም። ሰይድ ጽሑፉን አጠፋው፤ ወሬው ግን ቀድሞን ወጥቷል። ኢንተርኔት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሁሉ «ተጽፏል» ይል ጀመር። የአዲስ አበባዎቹ የጭነት መኪኖች የእትዬ ዘሀራን በር አልፈው ሲቆሙ አየሁ። ማመልከቻ የጻፍኩላቸው ሰዎች ሰላምታቸውን አሳጠሩ። «አጎቷ ነው የላካት» ይባላል። አጎቴን ስጠይቀው ሚዛኑን እያስተካከለ «ታዲያ ውሸት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ እትዬ ዘሀራ ራሳቸው ብርሃኑ ቤት መጡ። ጥቁር ሻርፓቸውን አጥብቀው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት።

«ስሜ ያለው በየትኛው ላይ ነው?»

«ጠፍቷል፣ እትዬ» አለ ሰይድ።

«ከሰው ልብ ውስጥስ?» ወደ እኔ ዞሩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። «መሐላ አልጠይቅሽም። መሐላ አፍ ላይ ይቀላል» አሉና ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰይድ ገጹን ዘጋው፤ ከመክፈቱ በፊት መግቢያው እንዲወሰን የከተማውን ሰው ጠራ። ብርሃኑ ግቢ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ሹፌሩ ተሰበሰበ። እትዬ ዘሀራም መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ከሆቴሉ የመጣ ሳምቡሳ በትሪ ዞረ፤ ሰው ግን እየበላም የጎረቤቱን ፊት ያጠና ነበር።

ሰይድ በኢሜይልና በይለፍ ቃል መግባትን አስረዳ። አንድ ሹፌር እጁን አነሣ። «እኔን ኢሜይል ያወጣልኝ ብርሃኑ ነው። የይለፍ ቃሉንም የመረጠልኝ እሱ ነው። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። እንግዲህ የሁላችን ቁልፍ ያለው እሱ ኪስ ውስጥ ነዋ!» ብርሃኑ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን አልካደም።

«እሺ፣ በስልክ ይሁን» አለ ሰይድ። «ቁጥራችሁን ትሞላላችሁ፤ የማረጋገጫ ቁጥር ይላክላችኋል፤ በእሱ ትገባላችሁ።»

«ስልክ ቁጥራችንን የሚያየው ማነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እኔ ብቻ ነኝ፣ አባባ።»

«አንተንስ የሚያይህ ማነው?»

ማንም አልሳቀም። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ አያስቅም ነበር። ደግሞም የአንዱ ሲም በአባቱ ስም የወጣ ነው፤ አንዱን ስልክ ቤተሰቡ በሙሉ ይጠቀምበታል። በፌስቡክ እንግባ ሲባል አንድ መምህር ስልኩን አውጥቶ አሳየን፤ የገዛ ፎቶውና ስሙ ያለበት፣ እሱ ያልከፈተው ገጽ ነው። «ከእኔ ይልቅ ብዙ ወዳጅ አለው» አለ በምሬት።

ሁሉ ነገር ሲወድቅ እኔ ተነሣሁ። «ሰው ሲቀጠር ዋስ ይጠራ የለ? እዚህም የሚጽፍ ሰው ዋስ ይጥራ» አልኩ። ጉምጉምታ ሆነ፤ ቀስ በቀስም ሐሳቡ ያዘ። አዲስ ሰው የይለፍ ቃል የሚሰጠው የሚያውቀው ሰው በአደባባይ ዋስ ሲሆነው ይሁን፤ ያበላሸ እንደሆነ ዋሱም አብሮ ይታገድ፤ ዘመድ ለዘመድ አይዋስ፤ የይለፍ ቃሉንም ባለቤቱ ራሱ ይጻፍ፣ ብርሃኑ ዞር ይበል ተባለ።

«ከራሳችሁ ጀምሩ» አለ ሹፌሩ።

ለሰይድ መምህሩ ተዋሰው። ለብርሃኑ፣ ያ የከሰሰው ሹፌር ራሱ እያጉረመረመ ተዋሰው። የእኔ ተራ ደረሰ።

ማንም አልተነሣም። መንገዱ ላይ ባጃጅ ሲያልፍ ሰማሁ። ሰይድን አየሁት፤ አቀረቀረ። በገዛ ሐሳቤ የተሠራው በር ላይ ብቻዬን ቀረሁ። እንባዬ ሳይመጣ ልውጣ ብዬ ነጠላዬን ሳነሣ፣ ከጥግ ድምፅ ሰማሁ።

«እኔ ዋሷ ነኝ።»

እትዬ ዘሀራ ናቸው። ሰው ሁሉ ዞረ። ተነሥተው አጠገቤ ቆሙና «ከእንግዲህ በስምሽ የሚጻፈው ሁሉ በእኔም ስም ነው» አሉኝ። ፈገግ አላሉም።

ይህ ከተማውን አፉን አስያዘው። ተሰደቡ የተባሉት ሴት ሰደበች የተባለችውን ከተዋሱ፣ ሌላው ምን ይላል? ሰነባብቶ መኪኖቹም በራቸው ላይ መቆም ጀመሩ። ገጹ የተወሰኑ ዓመታት ኖረ፤ ሰይድ አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ ተዳከመ፣ ጠፋም። በስሜ የገባው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አጎቴን ጠርጥሬያለሁ፤ ብርሃኑን ጠርጥሬያለሁ፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሰይድንም።

ባለፈው ጥር ለለቅሶ ወደ ሮቢት ወረድኩ። ደብረ ሲናን በጉም አልፌ፣ ታች ስደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። እትዬ ዘሀራ አርጅተዋል፤ ንግዱን ልጃቸው ይዞታል። መጋዘኑ በር ላይ የሙስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ አገኘኋቸው። የተቀቀለ ማሾ በቃሪያ አቀረቡልኝ። ስንት ዘመን ያፈንኩትን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ያኔ እኔ እንዳልጻፍኩት በምን አወቁ?»

«መቼ አወቅሁ?» አሉ። «ወላሂ፣ ዛሬም አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ተዋሱኝ?»

ገርሟቸው አዩኝ። «የታመነ ሰው ዋስ ምን ያደርግለታል፣ ልጄ?»

ስመለስ፣ መኪናው ዳገቱን ሲይዝ፣ መጀመሪያ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ዓመት ያቆመኝ የእሳቸው እምነት ነው ብዬ ነበር የምኖረው። ጣርማበር ሳንደርስ ግን ንዴቴ በረደ። አምነውኝ ቢሆን ኖሮ ለዋስነት መነሣቱ ምንም አያስጨንቃቸውም ነበር። እሳቸው ጥርጣሬያቸውን ሳይጥሉ ነው አጠገቤ የቆሙት።